የካርትሪጁ ቀለም ወዴት ይሄዳል?

ጉርድ ፎቶግራፍ ሳይጠየቅበት የሚያልቅ ጉዳይ በአገራችን ጥቂት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት፣ ልጅ ለማስመዝገብ፣ ሥራ ለማመልከት፣ የቁጠባ ደብተር ለመክፈት «ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ» የምትለው ዐረፍተ ነገር የቢሮክራሲያችን መግቢያ በር ናት። ፓስፖርትና የፋይዳ መታወቂያ ፎቶውን እዚያው በካሜራ ማንሳት ከጀመሩ ወዲህ ነገሩ በመጠኑ ቀለል ቢልም፣ ከአዲስ አበባ በራቅን ቁጥር ጉርዱ ፎቶ ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ነው።

በአማራ ክልል ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ሰነድ አለ። የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይባላል። ክልሉ ደብተሩን ለመስጠት ሥራውን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ ይካሄድ በነበረው ፕሮግራም ለሙከራ ከተመረጡት ቀበሌዎች አንዱ በደቡብ ወሎ፣ ሌላው በምሥራቅ ጎጃም ነበር። መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም ይዘጋጃል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ለሕግ ሰው ይህቺ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወረቀት ቀላል ነገር አይደለችም። ስም ይመሳሰላል። መፈረም የማይችል ሰው በጣቱ ይፈርማል። ባል ሲሞት ወይም ፍቺ ሲመጣ፣ ከባል ዘመዶች ጋር ክርክር ሲነሳ፣ አንዲት የገጠር ሴት «ይህቺ እኔ ነኝ» ብላ ቀድማ የምትገልጠው ፎቶዋ ያለበትን ገጽ ነው። ፎቶው ገርጥቶ ፊት የማይለይበት ከሆነ መብቷ አይጠፋም፤ መዝገብ አለ፣ ምስክር አለ። ነገር ግን በአንድ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ነገር ቀጠሮ ይሆንባታል።

ቀድሞ ጉርድ ፎቶ በፊልም ተነስቶ፣ በጨለማ ክፍል በኬሚካል ታጥቦ ይወጣ ነበር። በወጉ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢቀመጥ ፊቱ አይጠፋም፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው የአያቶቻችን ፎቶ ምስክር ነው። ዛሬ ግን በወረዳ ከተማ ፎቶ ቤት ለመክፈት አንድ ዲጂታል ካሜራ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ኢንክጄት የሚባለው ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ይበቃል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ፣ ለዚህ ገጽ ትንሽ ቢመስልም፣ የፕሪንተር ቀለም ነው። ከአንድ ካርትሪጅ የሚቻለውን ያህል መጠቀም ሲባል ሁለት ጥያቄ አለበት። አንዱ ካርትሪጁ ስንት ፎቶ ያወጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው የወጣው ፎቶ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን መልሱን የሚፈልገው በተሳሳተ ቦታ ነው። ቀለሙ የሚያልቀው ፎቶው ላይ ይመስለዋል።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አቁመን እንየው። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት (በደቡብ ኦሮሚያ ያለው ቦረና አይደለም፤ የወሎው ነው)። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተ ምዕራቧ ምድሩ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በስተ ምሥራቅ ደሴ ለመድረስ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአቀስታ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን የለጋምቦ ደጋዎች ማቋረጥ ያስፈልጋል። የወረዳው ገበሬ፣ በከተማዋ ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የሚማረው ተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሁሉም ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ካርትሪጅ ያለቀበት ሰው መርካቶ ወይም ፒያሳ ደርሶ ይመለሳል። መካነ ሰላም ላይ ያለቀበት ሰው በመኪና ላከልኝ ብሎ ይጠብቃል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ደግሞ መጠበቁም ዋስትና የለውም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ፕሪንተርም ቀለምም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ቀሪውን አንባቢ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። ኢንክጄት ፕሪንተር ሄድ የሚባል ክፍል አለው። በሄዱ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለሙያዎቹ ኖዝል ይሏቸዋል። ቀለሙ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ኤችፒና ካነን በአመዛኙ ቀለሙን በቅጽበት አሙቀው አረፋ በመፍጠር ያስፈነጥሩታል። ኤፕሰን ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚተጣጠፍ ቁስ ተጠቅሞ ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል። የሙቀቱ ዘዴ አመጣጥ ደስ የሚል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የካነን ተመራማሪ ትኩስ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ ሲሪንጅ መርፌ ላይ ሳያስበው አስነካው፤ ቀለሙም ከመርፌው ጫፍ ተፈናጠረ። ዛሬ በየከተማው ካርትሪጅ በሲሪንጅ የሚሞሉት ወጣቶች ነገሩን ወደ መጀመሪያው መልሰውታል ማለት ይቻላል።

ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። የፕሪንተር ቀለም አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። በእነዚያ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አፍ ላይ አየር ካገኘው ይደርቃል፤ ከደረቀ ይደፍናል። ይህን ለመከላከል ማሽኑ ሥራ ሲጨርስ ሄዱን ወደ ጥግ ወስዶ የላስቲክ ክዳን ላይ ያሳርፈዋል። ሲበራ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቀለም ይተፋል ወይም በትንሽ ፓምፕ ይስባል። ያ ቀለም ወረቀት አይነካም። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ሄዶ ይቀራል። ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ መዝኖ ነበር። በሳምንት ጥቂት ገጽ ብቻ በሚታተምባቸው ብዙ ፕሪንተሮች ላይ ወረቀት የደረሰው ቀለም ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ዋጋ ከፍለን ከገዛነው ቀለም ግማሹን የምንገዛው ለስፖንጁ ነው ማለት ነው።

መካነ ሰላምን የመሰለ ከተማ ከአዲስ አበባ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት መብራት ነው። ፕሪንተሩ እየሠራ ሳለ መብራት ጥፍት ሲል ሄዱ ወረቀቱ መሀል ላይ እንዳለ፣ ክዳኑን ሳይለብስ ይቀራል። መብራቱ በአንድ ሰዓት ከተመለሰ ያው ማሽኑ ይነቃና በደህናው ጊዜ ከሚያደርገው የበረታ ጽዳት ያደርጋል፤ ቀለም ይተፋል። በማግስቱ ከተመለሰ ቀለሙ ቀዳዳው ላይ ደርቆ ይጠብቃል። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ አንድም ፎቶ ሳይታተም፣ ካርትሪጅ ይጨርሳል። ባለ ፎቶ ቤቱም «ይህ ካርትሪጅ ፎርጅድ ነው» ብሎ ነጋዴውን ይረግማል።

ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ከተማ የመጀመሪያው የቀለም መቆጠቢያ ዕቃ ዩፒኤስ ነው። ብዙዎች ዩፒኤስ የሚገዙት ለኮምፒዩተሩ ነው፤ ፕሪንተሩን ግድግዳው ላይ ይሰኩታል። ኢንክጄት ከሆነ ጥቂት ኃይል ነው የሚወስደው፤ አብሮ ቢሰካ አይከብደውም (ሌዘር ፕሪንተር ግን ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል)። ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር የያዙትን ገጽ ጨርሶ ፕሪንተሩን በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ነው። በራሱ ቁልፍ የምትለው ቃል ከሁሉም በላይ ትሠመርበት። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ኤክስቴንሽኑን ነቅሎ መሄድ የለመደብን ነገር ነው፤ ለእሳት አደጋ ጥንቃቄም ተገቢ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የፕሪንተሩን ቁልፍ መጫን፣ መብራቱ እስኪጠፋና ድምፁ እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያ መንቀል። በዚያች ሩብ ደቂቃ ውስጥ ሄዱ ክዳኑን ይለብሳል። ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ ምክር አላውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ሁለቱም ውኃን ቶሎ ያተናሉ። ቆላ ላይ ሳምንት ተኩል ሳይሠራ ተቀምጦ ደህና የሚነሳ ማሽን ደጋ ላይ በሳምንት ሊደፈን ይችላል። መድኃኒቱ በየአራት አምስት ቀኑ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ትንሽ ነገር ማተም ነው። የምትወጣው ጠብታ የተደፈነ ሄድ ለመክፈት ከሚፈሰው ጋር አትወዳደርም። ካርትሪጅና የጠርሙስ ቀለም ሲጓጓዝም ከፍታውን ማሰብ ይገባል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የታሸገ አየር ደጋ ሲወጣ ይለጠጣል፤ ካርትሪጁን እንደደረሰ ወዲያው መላጥ ቀለም ያስተፋዋል። ሳይነካ አንድ ሌሊት ይደር፤ ሲከፈትም ቀጥ ብሎ ይቁም። በታንከር ቀለም የሚሠራ ፕሪንተር ከነቀለሙ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ከደሴ ማምጣት ደግሞ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ለማቅለም ካልሆነ አይመከርም። አንዳንዶቹ የማጓጓዣ መቆለፊያ አላቸው፤ እሱን ማዞር ነው።

ጽዳትን በተመለከተ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ፎቶው ላይ መስመር ሲታይ «ሄድ ክሊኒንግ» የሚለውን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ መጫን። እያንዳንዱ ጭነት ቀለም ነው። መጀመሪያ የኖዝል መመርመሪያውን ገጽ በተራ ወረቀት ማተም፤ ከጎደለ አንድ ጊዜ ማጽዳት፤ አሁንም ከጎደለ ማሽኑን አጥፍቶ ጥቂት ሰዓት ወይም አንድ ሌሊት መተው። የደረቀው ቀለም በአዲሱ ቀለም እየራሰ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ደጋግሞ ማጽዳት ሌላም ዕዳ አለው። ስፖንጁ ምን ያህል እንደጠጣ ማሽኑ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ አልሠራም ብሎ ይቆማል። በቺፕ ላይ ያለው «ቀለም አልቋል» የሚል ማስጠንቀቂያም ብዙ ጊዜ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ማሽኑ ከፈቀደ ፎቶው እስኪገረጣ መቀጠል ይቻላል፤ ገርጥቶም መግፋት ግን፣ በተለይ በሙቀት በሚሠሩት ላይ፣ ሄዱን ያቃጥላል።

የሚገዛው ማሽን ምርጫም ከዚሁ ይነሳል። ትናንሾቹና ርካሾቹ ፕሪንተሮች የሚይዙት ባለሦስት ቀለም ካርትሪጅ ውስጥ ያለው ቀለም ብዙ ጊዜ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ሚሊ ሊትር፣ አይበልጥም። ከሦስቱ አንዱ ሲያልቅ ሁለቱ ቢተርፉም ዕቃው ይጣላል። እንደ ኤፕሰን ኤል 805 ያሉት በታንከር የሚሠሩት የፎቶ ፕሪንተሮች ግን ስድስት ቀለም አላቸው፤ እያንዳንዱ በ70 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይሞላል። ማሽኑ ሲገዛ ውድ ነው፤ ኩባንያው ትርፉን ከማሽኑ ስለሚወስድ ቀለሙን በርካሽ ይሸጣል። የርካሹ ማሽን ኩባንያ ደግሞ ትርፉን ከቀለሙ ይወስዳል። በቀን ሃያ ሰው የሚያስተናግድ ፎቶ ቤት ሁለተኛውን ከገዛ ለማትረፍ ሳይሆን ለኩባንያው ለመሥራት ነው የተቀጠረው። በወር ሁለት ጊዜ ለሚያትም ቤት ግን ታንከሩም አይጠቅምም፤ ቀለሙ ቧንቧ ውስጥ ይደርቃል። እሱ ፎቶ ቤት ሄዶ ቢያሳትም ይሻለዋል። ሄዱ ካርትሪጁ ላይ ያለበት ዓይነት አንድ በጎ ጎን እንዳለው ግን አልክድም፤ ሲደፈን ከነሄዱ ይለወጣል። የታንከሩ ሄድ ከተበላሸ ከማሽኑ ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ይጠብቃል።

ካርትሪጁ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት ፎቶ ቤትን አይመለከትም። ቁጥሩ የሚሰላው በዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት ነጭ ቦታ በሚበዛባቸው የሰነድ ገጾች ነው። ፎቶ ከጥግ እስከ ጥግ ቀለም ነው፤ የራሱ ሌላ መለኪያ አለው፤ ዕቃው ላይ ግን እምብዛም አይታይም። 200 ገጽ የሚለውን አይቶ 200 ፎቶ የጠበቀ ሰው ማዘኑ አይቀርም።

ወረቀቱ ላይ ከሚቆጠበው ሁሉ ትልቁ ከጀርባ ያለው ነው። ሰማያዊ ወይም ቀይ መጋረጃ ፊት የተነሳ ጉርድ ፎቶ ከግማሽ በላይ ቀለሙን የሚጨርሰው ለመጋረጃው ነው፤ በባለሦስት ቀለሙ ካርትሪጅ ደግሞ ሰማያዊው ቀድሞ አልቆ ቀሪውን ያስጥለዋል። ነጭ መጋረጃ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ቀለም አይወስድም። አብዛኛው መሥሪያ ቤትም የሚፈልገው ነጩን ነው። ከዚያ በኋላ በ10 በ15 ወረቀት ላይ ስምንት የ3 በ4 ፎቶ ደርድሮ በአንድ ጊዜ ማተም፤ ለአንድ ሰው አራት ካስፈለገ የሁለት ሰው አብሮ ማውጣት። ጠርዝ የሌለው ኅትመት የሚባለውን መተው፣ ማሽኑ ዳሩን ለመሸፈን ከወረቀቱ ውጪ ይረጫልና። ፕሪንተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት በትክክል መምረጥ። ተራ ወረቀት አስገብቶ ግሎሲ ብሎ ማዘዝ ወረቀቱን ማጥለቅለቅ ነው፤ ግሎሲ አስገብቶ ተራ ማለት ደግሞ ፎቶውን ማበላሸትና እንደገና ማተም ነው። የተበላሸ ፎቶ ከሁሉም ውድ ነው፤ ቀለሙም ወረቀቱም ሁለቴ ይወጣል።

አሁን ወደ ሲሪንጁ እንመለስ። ያለቀ ካርትሪጅ መሙላት ሕገወጥ ነው ወይ የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሳል። በዚህ ላይ በዓለም የሚጠቀሰው ፍርድ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2017 የሰጠው ነው። ሌክስማርክ የተባለው አምራች የሌዘር ፕሪንተር ካርትሪጆቹን በቅናሽ ሲሸጥ «አንዴ ተጠቅመህ ለእኔ ብቻ መልስ» የሚል ግዴታ ያስገባ ነበር። ኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስ የተባለ የዌስት ቨርጂኒያ አነስተኛ ድርጅት ያለቁትን ካርትሪጆች እየገዛ፣ ተሞልተው ሲመጡ መልሶ ሸጠ። ሌክስማርክ በፓተንት መብቱ ከሰሰ፤ ተረታ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ የፓተንት ባለቤት ዕቃውን አንዴ ከሸጠ፣ በአገር ውስጥም ይሁን በውጭ፣ በዚያ ዕቃ ላይ ያለው የፓተንት መብት ያከትማል ነው። የውል ግዴታ ካለ ከገዢው ጋር ይከራከር።

በእኛም ሕግ መንፈሱ ይኸው ነው። ስለ ፈጠራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 በባለ ፓተንቱ ወይም በፈቃዱ በኢትዮጵያ ገበያ ላይ የዋለን ዕቃ ከፓተንቱ ክልከላ ውጪ ያደርገዋል። ውልን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1952 ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው ይላል (ሕጉ ራሱ የወጣው በ1952 ዓ.ም. መሆኑን ተማሪ ሳለን ለማስታወሻ እንጠቀምበት ነበር)። ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ የራሱን ካርትሪጅ የሚሞላ ሰው ማንንም አልበደለም። በደሉ የሚጀምረው የሞላውን ካርትሪጅ በኦሪጅናል ካርቶን አሽጎ «አዲስ ነው» ብሎ ሲሸጥ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የንግድ ምልክት አዋጁን ቁጥር 501/1998 የሚነካ ከመሆኑም በላይ ገዢውን ማታለል ነው። ገዢም የራሱ ግዴታ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2291ና 2292 የገዛውን ዕቃ ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቁበታል። ካርትሪጅ ገዝቶ ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ደረቀ ብሎ መክሰስ አስቸጋሪ ነው።

ሕጉ ይህን ያህል ቢያግዝም ቺፑ አያግዝም። አምራቾቹ በፍርድ ቤት ያጡትን በሶፍትዌር ለመመለስ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2016 ብዙ የኤችፒ ፕሪንተሮች በአንድ ቀን የሌላ አምራች ካርትሪጅ አንቀበልም አሉ፤ ትእዛዙ ቀደም ብሎ በሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ኩባንያው ቁጣው ሲበረታ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሠራሩን ግን ጨርሶ አልተወም። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ለገዢዎች በግልጽ አልነገረም ብሎ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ከውጭ አገር ዘመድ የሚላከው ፕሪንተር ይዞት ይመጣልና። ስጦታውን ከመቀበል በፊት ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ብዙ አምራቾች ካርትሪጅን በአህጉር ይከፋፍላሉ፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን አዲስ አበባ የሚሸጠውን ካርትሪጅ አላውቀውም ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ኢንስታንት ኢንክ በሚባለው ወርኃዊ ክፍያ የተላከ የኤችፒ ካርትሪጅ ክፍያው ሲቋረጥ ቀለም እያለው መሥራት ያቆማል። ሦስተኛና ዋናው፣ ኤችፒ ፕላስ በሚባለው አሠራር የተመዘገበ ፕሪንተር ዕድሜውን ሙሉ የኩባንያውን ቀለምና ያልተቋረጠ የኢንተርኔት ግንኙነት ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን የሚያስታውስ ሰው፣ ፎቶ ለማተም ከባሕር ማዶ ፈቃድ የሚጠብቅ ማሽን መካነ ሰላም ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅተውም። የእነዚህ ማሽኖች የሞዴል ስም ብዙውን ጊዜ «ኢ» በምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ያልቃል። ዘመድ ገና ሱቅ ውስጥ ሳለ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ከጉምሩክ በኋላ ከመጸጸት ይሻላል።

የቀረው የዕድሜው ነገር ነው። የፎቶ ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ደማቅና ርካሽ ሲሆን ብርሃን፣ ጭስና እርጥበት ይጎዱታል። ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፣ ለብርሃንም ይበረታል። አብዛኛው ፎቶ ቤት የሚጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱን መደባለቅ፣ ወይም ለአንዱ የተሠራ ማሽን ውስጥ ሌላውን መሙላት ሄዱን ይደፍነዋል። በመርፌ የሚሞላው ስም የለሽ ቀለም ክፋቱ ዕለቱን አለመታየቱ ነው። ዛሬ ከኦሪጅናሉ አይለይም፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ፊቱ ወይ አረንጓዴ ወይ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከቀለሞቹ አንዱ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ከፍታው እዚህም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። መካነ ሰላም ላይ የፎቶ ቤት መስኮት ላይ የተሰቀለ ናሙና ቶሎ የሚነጣው ለዚህ ጭምር ነው።

ስለዚህ ቁጠባው ሥፍራ ይለየው እላለሁ። ለትምህርት ቤት መታወቂያ፣ በዓመቱ ለሚለወጥ ነገር፣ በተሞላ ካርትሪጅ ማተም ጥፋት የለበትም። ለመሬት ደብተር፣ ለጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ ሠላሳ ዓመት ለሚቀመጥ ነገር ሲሆን ግን ደንበኛው ይጠየቅ፤ በኦሪጅናል ቀለም፣ በደህና ወረቀት ይሠራ፤ ልዩነቱንም ይክፈል። ለአራት ፎቶ የሚጨምረው ጥቂት ብር ነው። የሚነግረው ከሌለ ግን ከገጠር የመጣች ሴት ሁለት ዓይነት ቀለም መኖሩን በምን ታውቃለች? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ሲል ለሱፐርማርኬት ደንበኛ ብቻ አልጻፈውም።

የታተመው ፎቶ ወዲያው ተቆርጦ አይለጠፍ። ቀለሙ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው እርጥበት እስኪወጣ አንድ ቀን፣ ከፀሐይና ከአቧራ ተከልሎ፣ በአየር ይቆይ። ውኃ የበዛበት ሙጫ ከጀርባ ዘልቆ ፊቱን ያዥጎረጉረዋል፤ የደረቀ ማጣበቂያ ይሻላል። የቀበሌው ክብ ማኅተም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ደብተሩ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የማኅተሙ ቀለም ግሎሲ ወረቀት ላይ ቶሎ አይደርቅም። ደብተሩ ጥቂት ደቂቃ ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ አለዚያ ማኅተሙ ማዶ ያለው ገጽ ላይ ይታተማል፣ ፊቱ ላይም ይዳመጣል።